ከ49 ዓመት በላይ ያሉት እናቶቻችን በማን መዝገብ ላይ ናቸው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ የአባይን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ አፋፉ ላይ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። ከዋናው ከተማ ያለው ርቀት ወደ 230 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ድልድዩ አጠገብ ላቡን ሲጠርግ የነበረው ተሳፋሪ ደጀን ሲደርስ ኮቱን ይደርባል፤ በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት አለና። የደጀን ሌሊት ጋቢ የሚያስደርብ ነው። እንግዲህ በዚህ ብርድ መካከል አንዲት የ48 ዓመት ወይዘሮ እኩለ ሌሊት ላይ ጋቢዋን ጥላ፣ በላብ ተነክራ፣ በር ልትከፍት ብትነሣ ቤተ ሰቡ ምን ይላል? «ሰሞኑን በረሃ ወርደሽ ነበር፤ ወባ ነው» ይላል።

ወባው በደም ምርመራ ሲታጣ ታይፎይድ ነው ይባላል። ታይፎይዱ በመድኃኒት አልለቅ ሲል ደግሞ ሳንባ ይፈራል። ይህን ጥርጣሬ እንደ ስንፍና አንቈጥረውም። የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳም ምልክት ስለ ሆነ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ከቈላ ለተመለሰ ሰው የወባ ምርመራ ማድረግም ደንበኛ ሥራ ነው። የምንተቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊቀርብ የሚገባው አንድ ጥያቄ ሳይቀርብ መቅረቱን ነው። ይኸውም «እትዬ፣ የወር አበባዎ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ወጣቱ ጤና ሠራተኛ እናቱን የምታህለውን ሴት ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ እርስዋም ልጅዋን ለሚያህል ወንድ ይህን ለመንገር ታፍራለች። በሁለቱ ኀፍረት መካከል ሕመሙ ስም ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ነገር ዛሬ እንድናነሣው ያደረገን ከሩቅ አገር የተሰማ አንድ ወሬ ነው። ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማረጥ ዘመን ለሴቶች በሚሰጡት የሆርሞን መድኃኒቶች ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ተጽፎ የኖረው ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ ማሰቡን አስታወቀ። እንዲህ ያለ ወሬ ዛሬ በእጅ ስልክ በአንድ ቀን ከተማውንና ገጠሩን ያዳርሳል፤ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ተቈርጦ ነው። ከዚህም ወሬ የተቈረጠው ግማሽ ዋናው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከማስጠንቀቂያዎቹ መካከል አንዱን አላነሣም፤ ማኅፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ የማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል የሚለው እንዳለ ቀርቷል። የዛሬው ነገራችን የሚያተኵረው በዚሁ በቀረው ማስጠንቀቂያ ላይ ነው፤ ደጀንንም የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

ወጣት አንባቢዎቻችን ነገሩን በተማሪ ቤት ሲያልፍ ሰምተውት ይሆናልና በአጭሩ እናስታውሳቸው። በማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎች ሁለት ዋና ዋና ሆርሞኖች ያመነጫሉ። አንዱ ኤስትሮጅን የማኅፀኑን የውስጥ ሽፋን ያሳድጋል፤ ሁለተኛው ፕሮጄስትሮን ያደገውን ያረጋጋል፣ በጊዜውም እንዲወርድ ያደርጋል። ሴት አርባ ዓመትን አልፋ ስትገፋ እንቁላል የማይወጣባቸው ወራት ይበዛሉ፤ በእነዚያም ወራት ፕሮጄስትሮን ይጐድላል፣ ኤስትሮጅኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የወር አበባው ሥርዐቱን ይለቃል። ሁለት ወር ጠፍቶ በሦስተኛው ሳምንት ሙሉ የሚፈስባት አለች። በመጨረሻ ኤስትሮጅኑም ሲደክም ሙቀቱ፣ ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የመገጣጠሚያ ቍርጥማቱና የብልት ድርቀቱ ይመጣል፤ አጥንትም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ ደም ሳይታይ ሲያልፍ ያን ጊዜ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የሚሆን ነው።

ማረጥ በሽታ አይደለም። እንዲያውም በጎጃም ለብዙ እናቶች የዕረፍትና የክብር ዘመን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ ስለማትገባ፣ ያረጠች እናት በወደደችው ቀን ከቅዳሴው ትደርሳለች፤ ቆብ የምትጭንም አለች። ብዙዎች ያለ አንዳች ችግር ይሻገሩታል። ነገር ግን ከዚያ ዕረፍት በፊት ያሉት ዓመታት ለአንዳንዶቹ ተቃራኒውን ያመጣሉ። በወር ውስጥ ሦስት ሳምንት ደም የሚታያት ሴት ሦስቱን ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ደምዋም እያነሰ ሄዶ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ልብዋ ይመታል። ይህንን «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሚያልፈው ግን ያልታመመው ሰው ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። የአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የሚጠይቃቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ካገቡት ሴቶች ውስጥ 41 ከመቶው ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም 27ቱ በመርፌ፣ 9ኙ በክንድ በሚቀበረው፣ 2ቱ ብቻ በሉፕ። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራም በደንቡ የሚጠራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች ነው። 49 የሚለው ቍጥር የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ መውለድ የምትችለውን ሴት ለመቍጠር ዓለም የተስማማበት ነው። ለመቍጠሪያ የተመረጠው ግን ሳይታወቅ የማገልገያም ድንበር ሆነ። ልጅ ስትወልድ፣ ስታጠባ፣ ልጅ ስታስከትብ፣ ወሊድ ስታራርቅ ጤና ጣቢያው ስምዋን የሚያውቀው ሴት ሃምሳ ዓመት ሲሞላት «ሌሎች ሕሙማን» ከሚባለው ዓምድ ውስጥ ትገባለች። ወባ የተባለችውም እዚያ ስለ ደረሰች ነው።

ስለ ሉፕም ትንሽ ማለት ያሻል። ይህ ስም በአገራችን ሥር ሰዶ ማኅፀን ውስጥ ለሚቀመጥ መከላከያ ሁሉ ይነገራል። ስሙ የመጣው ጃክ ሊፕስ የሚባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ ከሠራው የተጠማዘዘ ፕላስቲክ ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓለም ይጠቀምበት የነበረው ያ ነበር። ያ ፕላስቲክ ዛሬ የለም፤ ስሙ ግን ቀርቶ ሁለት እጅግ የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድነት ይጠራል። አንደኛው በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደው የመዳብ ሉፕ ነው፤ ሆርሞን የለበትም፣ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል፣ ደምን ግን በመጠኑ ሊያበዛ ይችላል። ሁለተኛው ሆርሞን ያለበት ሉፕ ነው። ይህኛው 52 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል የሚባል፣ የፕሮጄስትሮንን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ይዞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ማኅፀኑ ግድግዳ ይለቃል። ፊንላንዳዊው ሐኪም ታፓኒ ሉካይነንና ባልደረቦቹ የደከሙበት ሲሆን በፊንላንድ በ1990 ለሕዝብ ቀረበ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 በዋና ዋና መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አገባው።

ይህ ሁለተኛው ሉፕ በማረጥ መዳረሻ ላለች ሴት የሚያደርግላት ነገር ብዙ ነው። የማኅፀኑን ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈሰውን ደም እጅግ ይቀንሳል፤ በብዙዎቹም ላይ ጨርሶ ያቆማል። ማኅፀን በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ይታዘዝላቸው ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹን ከቢላዋ አድኗቸዋል። እርግዝናንም ይከላከላል፤ ይህም ለ47 ዓመት ሴት ቀላል ነገር አይደለም፤ የወር አበባዋ ስለ ተዛባ ብቻ መውለድ አትችልም ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል፤ በዚያ ዕድሜ የሚመጣ እርግዝና ለእናቲቱ ከባድ መሆኑንም የማያውቅ የለም። ነገር ግን መደበቅ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ሉፑ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት ደም በጥቂቱ ያለ ሥርዐት ይታያል። በሌላ አገር ይህ እንደ ትንሽ መታወክ ይቈጠራል። በደጀን ግን ያ ጥቂት ነጠብጣብ ፍልሰታን ወይም ዐቢይ ጾምን ሙሉ ከመቅደስ ሊያስቀር ይችላል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካልነገራት ሴቲቱ በሁለተኛው ወር «አውጡልኝ» ብላ ትመጣለች። ማን ይፈርድባታል?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የብዙ ሰዎች ስሕተት ነው። ደሙ ቆመ፤ ሙቀቱና ላቡ ግን እንዳለ ነው። ያን ጊዜ «ሉፑ አልሠራም» ይባላል፤ ወይም «ሙቀቱን ያመጣው ሉፑ ነው» ይባላል። ሁለቱም እውነት አይደለም። ሉፑ የሚሠራው በማኅፀን ውስጥ ነው፤ የሚያመነጨውም የፕሮጄስትሮንን ወገን ነው። ሙቀቱን፣ የሌሊቱን ላብና የአጥንቱን መሳሳት ያመጣው የኤስትሮጅን መጕደል ስለ ሆነ፣ ሉፑ ያልያዘውን ነገር ከእርሱ መጠበቅ ከንቱ ነው። በተጨማሪም ሉፑ ዋናውን ምልክት ይሸፍናል። ደም በሉፑ ምክንያት ከቆመ «ዐሥራ ሁለት ወር አለፈኝ» ብሎ መቍጠር አይቻልም። ስለዚህ ሐኪም የሚመለከተው ዕድሜዋንና የሚሰማትን ነው። ሃምሳ ያለፈች እንደ ሆነ የደም ምርመራ ሊረዳ ይችላል፤ ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ሆርሞን ከ30 በላይ ሆኖ ከተገኘ መከላከያውን አንድ ዓመት ጨምራ ልትተወው ትችላለች። በ45 ዓመትዋ ወይም ከዚያ በኋላ የገባላት ደግሞ ለወሊድ መከላከያነት እስከ 55 ዓመትዋ ልታቆየው እንደምትችል የእንግሊዝ ባለሙያዎች መመሪያ ይፈቅዳል።

እንግዲህ የጐደለው ኤስትሮጅን ከሆነ ለምን አይጨመርም? ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። ሮበርት ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ሴት በኤስትሮጅን ወጣትነትዋን ለዘላለም ትጠብቃለች የሚል መጽሐፍ ጽፎ እጅግ ተነበበለት። ያን ጊዜ የሚሰጠው ኤስትሮጅን ብቻውን ነበር፤ የሚቀዳውም ካረገዘች ባዝራ ሽንት ነው። በ1975 ግን ኤስትሮጅን ብቻውን የወሰዱ ሴቶች በማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ይበልጥ እንደሚያዙ ታወቀ። ምክንያቱ ከላይ ከነገርናችሁ አይወጣም፤ አሳዳጊው ሲኖርና አረጋጊው ሲጠፋ ሽፋኑ ያለ ልክ ያድጋል። መፍትሔውም ፕሮጄስትሮን መጨመር ሆነ። ከዚያ ሐምሌ 2 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌላ ድንጋጤ መጣ። በአሜሪካ በ16,608 ሴቶች ላይ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት በመስጠት የተደረገው ታላቅ ጥናት ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተወሰነ። በ10,000 ሴቶች ላይ በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 7 የልብ ሕመም፣ 8 ስትሮክና 8 የሳንባ ደም መርጋት ተገኝቶ ነበር፤ በዚያው መጠን የዳሌ አጥንት ስብራት በ5፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር በ6 ቀንሷል። ዓለም የሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

ቍጥሩ ውሸት አልነበረም። የተረሳው የማን ቍጥር እንደ ሆነ ነው። በጥናቱ የገቡት ሴቶች ዕድሜ በአማካይ 63 ዓመት ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ከ60 ዓመት በታች ላለችና ካረጠች ዐሥር ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱም ለሚያስቸግራት ሴት፣ ጥቅሙ ከጕዳቱ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። መድኃኒቱም ተለውጧል። በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ መልክ የሚሰጠው ኤስትሮጅን በመጠኑ ሲወሰድ እንደ ክኒኑ ደም አያረጋም። ያም ሆኖ ሁሉም ነገር ተፈታ ማለታችን አይደለም። ሆርሞን ያለበት ሉፕ ራሱ ከጡት ካንሰር ጋር ጥቂት ግንኙነት እንዳለው በ2024 ከዴንማርክ የወጣ ጥናት አመልክቷል። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ የጕበት ሕመም የጠናባት፣ በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ያገኛት ሴት ኤስትሮጅን አይገባትም። ለእነዚህ ሆርሞን የሌለባቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ድርቀቱ ብቻ ለሚያስቸግራት ደግሞ በብልት ውስጥ የሚቀባ ጥቂት ኤስትሮጅን ይበቃታል፤ ለዚህም ፕሮጄስትሮን አያስፈልግም።

ሉፑና ኤስትሮጅኑ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሆርሞን ያለበት ሉፕ የገባላት ሴት አረጋጊውን በማኅፀንዋ ይዛዋለች፤ ስለዚህ ኤስትሮጅን ሲጨመርላት ያ ያልተነሣው ማስጠንቀቂያ የሚናገረው አደጋ ይጠበቅላታል። ለዚህ ሥራ ሉፑን በየአምስት ዓመቱ መለወጥ ያሻል። በዚህ በኩል የደጀንን ኑሮ አስቡት። ሉፕ የሌላት ሴት ኤስትሮጅን ብትጀምር የፕሮጄስትሮን ክኒን አብራ መዋጥ ይኖርባታል። ወደ ደብረ ማርቆሱ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። አንዱ ክኒን አልቆ ሌላው ቢቀር፣ ያለቀውም ፕሮጄስትሮን ቢሆን፣ ሴቲቱ ሳታውቀው የ1975ቱ ሁኔታ ውስጥ ትገባለች። ሉፑ ግን መንገድ ቢዘጋም በሥፍራው ነው። ከተማ ላለች ሴት ምቾት የሆነው ነገር ለደጀኗ ሴት ጥበቃ ይሆናል ማለታችን ለዚህ ነው።

ግን የትኛው ሉፕ? አደገኛው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ሉፕ አለኝ» ብላ የምትነግር ሴት የመዳቡ ቢሆን የገባላት፣ ከኤስትሮጅኑ ጕዳት አንዳች አይጠብቃትም። በክንድ የሚቀበረውና በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌም፣ እርግዝና ቢከላከሉም፣ ማኅፀንን ከሚጨመር ኤስትሮጅን ለመጠበቅ የሚታመንባቸው አይደሉም። ስለ መርፌው ሌላም ነገር አለ። አጥንትን ስለሚያሳሳ ሃምሳ ዓመት ሲሞላ ወደ ሌላ መከላከያ መዛወር ይመከራል፤ እርሱም እንደ ሉፑ የማረጥን ምልክት ይሸፍናል። ከመቶ ያገቡ ሴቶች 27ቱ በመርፌ የሚገለገሉበት አገር ይህ ለጥቂቶች የሚነገር ነገር አይመስለንም። ደግሞም በማናቸውም መንገድ ያረጠች ሴት እንደ ገና ደም ካየች፣ ሉፕ ኖራትም አልኖራትም፣ ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእንዲህ ያለ ደም ነው። ጠበልዋን ትጠመቅ፤ ምርመራውንም ታድርግ።

በዞንና በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ አዲስ ሕንጻ አይደለም። በሕክምናው ካርድ ላይ «ሉፕ» ከሚለው ቃል አጠገብ የመዳብ ወይስ የሆርሞን እንደ ሆነና የገባበት ቀን ይጻፍ። በሌሊት ላብ ለምትመጣ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ከወባውና ከሳንባው ምርመራ ጋር የወር አበባዋም በሴት ጤና ሠራተኛ ይጠየቅ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት ሴቶች ናቸው፣ በየቤቱም ይገባሉ። የወሊድ መከላከያው መዝገብ ደግሞ በ49 ዓመት አይዘጋ፤ መርፌዋን ወይም ሉፕዋን የያዘች ሴት በሃምሳኛው ዓመትዋ ምን ታድርግ የሚል አንድ ዓምድ ይጨመርለት። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ቅጽ የሚሻሻል ከሆነ ጊዜው ከዚያ በፊት ነው።